ይሄ ፖል የማን ነው?

አንድ የእንጨት የመብራት ፖል ስምንት ወር ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል። ቀልድ አይደለም። በአቃቂ በኩል፣ ከተማው አልቆ እርሻው በሚጀምርበት አካባቢ፣ 11 ኪሎ ሜትር መንገድ እንሠራ ነበር። የመንገዱን ስም አልጠራም፤ አብረውኝ የሠሩ ሰዎች ገና በየመሥሪያ ቤታቸው አሉ። ፖሉ የቆመው ከአራተኛው ኪሎ ሜትር አለፍ ብሎ፣ በአዲሱ መንገድ ልክ መሀል ላይ ነው። ኤክስካቫተሩ ዙሪያውን ጠርጎ ሲጨርስ ፖሉ ከነአፈሩ ብቻውን እንደ ደሴት ቀረ። የሰው ደረት የሚደርስ ጉብታ። ጉብታው ላይ ፖሉ። ከፖሉ ሥር ደግሞ ጠዋት ጠዋት አንዲት ፍየል። የማን ፍየል እንደነበረች እስካሁን አላውቅም። እሷ ከላይ ሆና ታየናለች፣ እኛም ከታች ሆነን እናያታለን።

ያኔ 26 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ኦፊስ ኢንጂነር። ለማያውቅ ሰው፣ ኦፊስ ኢንጂነር ማለት ሌሎች በአፈርና በድንጋይ የሚሠሩትን በወረቀት የምትሠራ ናት። ክፍያ ታዘጋጃለች፣ ሪፖርት ትጽፋለች፣ ደብዳቤ ታረቅቃለች። ስለዚህ ፖሉ የእኔ ሆነ። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ "ጉዳዩ፦ የመብራት ምሰሶ እንዲነሳልን ስለመጠየቅ" ይላል። ሁለተኛው "በድጋሚ ስለመጠየቅ"። ሦስተኛው "ለሦስተኛ ጊዜ ስለማሳሰብ"። አምስተኛው ላይ ስደርስ ግልባጭ የሚደረግላቸው መሥሪያ ቤቶች ዝርዝር ከደብዳቤው ራሱ ረዝሞ ነበር።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ባለፈው ወር አንድ ወጣት መሐንዲስ የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ትልቅ ፕሮጀክት ላይ ሊመደብ ነው። "ምን ልማር? ፒኤምፒ ልውሰድ ወይስ ፕሪማቬራ ይሻለኛል?" አለኝ። አንደኛው የፕሮጀክት አስተዳደር ምስክር ወረቀት ነው፣ ሌላው የሥራ መርሐ ግብር ማውጫ ሶፍትዌር። "ሁለቱንም" አልኩትና ቡናዬን ጠጣሁ። ቤቴ ስገባ ግን መልሴ ራሴን አላጠገበኝም። ይሄ ጽሑፍ እንግዲህ የዘገየው መልስ መሆኑ ነው።

ስለ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ሲወራ ሁሌም የሚነሳው ግዝፈታቸው ነው። ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ቢሊዮን ብር፣ ስንት ሜትር ኩብ። እኔ እንዳየሁት ግዝፈት ብቻውን ያን ያህል አያስቸግርም። 10 ኪሎ ሜትር መንገድ በደንብ የሠራ ሰው፣ ማሽንና ገንዘብ ከጨመሩለት 80ውንም ይሠራዋል። ከኛ ሳይት ብዙም ሳይርቅ፣ ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ አዳማ የሚገባው የፍጥነት መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 ተከፈተ። ሥራው ከተጀመረ አራት ዓመት ገደማ ነው የፈጀው። እኛ 11 ኪሎ ሜትር ይዘን እዚያ በኩል የሚበሩትን መኪኖች እያየን እናፍር ነበር።

አስቸጋሪው የባለቤት ብዛት ነው። እዚያች 11 ኪሎ ሜትር ላይ አሠሪው አለ፣ አማካሪው አለ፣ እኛ ተቋራጮቹ አለን። የውሃ ቱቦው የአንዱ ነው፣ የስልክ ኬብሉ የሌላው፣ የመብራት መስመሩ የሦስተኛው። ካሳ የሚገምተው ኮሚቴ ከአንድ ቦታ ይመጣል፣ ካሳውን የሚከፍለው ሌላ ቦታ ተቀምጧል። መሬቱን የሚያርሰው ገበሬ ደግሞ ከሁሉም በፊት እዚያ ነበር። እያንዳንዱ የራሱን ሥራ አሳምሮ ያውቃል። የአንዱ ሥራ አልቆ የሌላው የሚጀምርበትን መስመር ግን የሚጠብቅ ሰው የለም። የአዲስ አበባ ሰው ይሄን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልገውም። አንዱ አስፋልት ያለብሳል፣ ሌላው በማግስቱ ለቱቦ ይቆፍረዋል። በፌዴራል ደረጃ የመሠረተ ልማት ሥራዎችን የሚያቀናጅ ኤጀንሲ እስከ ማቋቋም የተደረሰው በዚሁ ምክንያት ነው።

ሕዳሴ ግድብም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀመረ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በመሀል ከገጠሙት ፈተናዎች አንዱ ኮንክሪቱና ብረቱ እኩል አለመራመዳቸው ነበር። የሲቪል ሥራው የአንድ ተቋራጭ፣ የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው የሌላ። ግድቡ ወደ ላይ እየወጣ ተርባይኑ ወደ ኋላ ቀረ። በ2010 ዓ.ም. ክረምት የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው ከያዘው ድርጅት ወጥቶ ለሌሎች እንዲሰጥ ተወሰነ።

ይሄ የድሃ አገር ጣጣ ይመስለኝ ነበር። ስለ በርሊን አየር ማረፊያ እስካነብ ድረስ ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2012 ሊከፈት ሳምንታት ሲቀሩት ተሰረዘ። የተከፈተው በኦክቶበር 2020 መጨረሻ ላይ ነው። ያቆመው ዋናው ነገር የእሳት መከላከያው ነው። ጣሪያው እንዳያስቀይም ተብሎ የተርሚናሉ ጭስ ወደ ታች ተስቦ፣ በወለሉ ሥር አልፎ እንዲወጣ ተነደፈ። ጭስ ወዴት እንደሚሄድ እናቴን ቢጠይቋት ትነግራቸው ነበር። ሕንፃው እየተሠራ ሳለ ደግሞ ዲዛይኑ ደጋግሞ ተቀያየረ። የአንዱ ኬብል፣ የሌላው የአየር ማስተላለፊያ፣ የሦስተኛው በርና የአራተኛው ሶፍትዌር አልተግባቡም። ጀርመኖች ናቸው እንግዲህ። ይህን ሳነብ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ወደ አቃቂ ልመለስ። አቃቂን የሚያውቅ ሰው መረሬን ያውቃል። ጥቁሩን አፈር ማለቴ ነው፤ እኛ ሳይት ላይ ብላክ ኮተን የምንለውን። ለጤፍና ለሽምብራ የተባረከ ነው። ለመንገድ ግን ጠላት ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ውስጥ እጄን እስከ ክርኔ ድረስ አስገብቼ አውቃለሁ። ላዩ ላይ ያለው አስፋልት የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከሥሩ ያለው አፈር በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ካለ መንገዱ መሀሉ ይተረተራል፣ ጠርዙ ይሸሻል። ስለዚህ መረሬው ተቆፍሮ ይወጣና በተመረጠ አፈር፣ በኛ ቋንቋ በሰሌክት፣ ይተካል። ሰሌክቱ በስስ በስሱ ይነጠፋል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ሮሎ ይመላለስበታል፣ ላብራቶሪው ይለካዋል። ካለፈ ቀጣዩ ይነጠፋል። ካላለፈ ይገለበጣል።

ታዲያ ስንት ይቆፈር? ዲዛይኑ በየኪሎ ሜትሩ የሙከራ ጉድጓድ አስቆፍሮ ነበር። በጥር ወር። በጥር መረሬ እንደ ድንጋይ ነው። በጉድጓድና በጉድጓድ መሀል ያለውን ደግሞ ወረቀቱ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አገናኝቶታል።

ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ መንገዱ አጥራቸውን የቆረጠባቸው አንዲት እናት ነበሩ። እማማ ነበር የምንላቸው። ካሳ ገማቹ ኮሚቴ ባሕር ዛፋቸውን ሊቆጥር ሲመጣ ሰንጠረዡን የያዝኩት እኔ ነኝ። ባሕር ዛፍ ለካሳ ሲቆጠር አይታችሁ ታውቃላችሁ? ችግኙ ለብቻ፣ ማገሩ ለብቻ፣ ወራጁ ለብቻ፣ ቋሚው ለብቻ። አንድ ዛፍ ሥር ቆመው "ማገር ነው"፣ "ኧረ ወራጅ ነው" እየተባባሉ ሃያ ደቂቃ ተከራከሩ። እማማ ጋቢያቸውን አገላብጠው ለበሱና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"ልጄ፣ መንገዱ በዚህ ነው የሚያልፈው?"

"አዎ እማማ።"

"እዚህ እኮ ጨፌ ነው።"

በትሕትና አንገቴን ነቀነቅኩላቸው። ሰንጠረዡ ላይ ግን ለሱ የሚሆን ዓምድ አልነበረም። ስለዚህ ምንም አልጻፍኩም።

ጨፌ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ውሃ የሚተኛበት፣ ሣር የማይጠፋበት መሬት ነው። ቦታው ስሙን ይዞ ተቀምጧል። እኛ ግን ስሙን ትተን በቁጥር "6+200"፣ ከመነሻው 6 ኪሎ ሜትር ከ200 ሜትር ማለት ነው፣ ስንል ከረምን። በነሐሴ፣ እማማ የቆሙበትን ጨምሮ፣ 40 ሜትር ያህል ሙሌት በአንድ ሳምንት ውስጥ ቁጭ አለ። ሰሌክት፣ ነዳጅ፣ የሁለት ወር ድካም። ሁሉም ጨፌው ውስጥ ገባ።

ስለ ካሳው ካነሳሁ አይቀር፣ ሕጉ ከዚያ በኋላ ተለውጧል። በ1997ቱ አዋጅ ለገበሬ የሚከፈለው የማፈናቀያ ካሳ የአሥር ዓመት ገቢ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 1161 ወደ አሥራ አምስት ዓመት ከፍ አደረገው። ጥሩ ነው። ሰንጠረዡ ግን አሁንም ዛፍ ብቻ ነው የሚቆጥረው።

መሬት ውስጥ ያለን ነገር ሁሉ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፣ ይሄ ግልጽ ነው። የግልገል ጊቤ ሁለት ዋሻ 26 ኪሎ ሜትር ነው፣ በተራራ ሥር። ቁፋሮ ላይ እያሉ ከፊት የመጣ ጭቃ ማሽኑን ገፍቶ ለብዙ ወራት አስቆማቸው። በጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ የዋሻው አንድ ክፍል ተደረመሰ። ተራራ ሆድ ውስጥ ገብተው የሚጠይቋቸው እማማ የሉም። እኛ ግን ነበሩን።

ሌላው የማይዋደድ ነገር የገንዘቡና የሰማዩ ጊዜ ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል። ዝናቡም የሚበረታው ያኔ ነው። እንግዲህ አስቡት። አዲሱ ገንዘብ የሚፈቀደው ገልባጭ እስከ ጎማው በሚሰምጥበት ወር ነው። ግዢው፣ ውሉ፣ ቅድመ ክፍያው ሲባል ኅዳር ይገባል። ከአፈር ሥራ ወራት የተወሰነው ሄደ ማለት ነው። ግንቦት ላይ ደግሞ በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን ሩጫ ይጀመራል፤ ሩጫው ሲሟሟቅ ሰኔ ደርሶ ያንጎደጉዳል። በዚህ ላይ የምንዛሪው ጉዳይ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ሲወሰን ከ57 ብር ገደማ የተነሳው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ያኔ ሌላ ፕሮጀክት ላይ ነበርኩ። ሬንጁ ከውጭ፣ ነዳጁ ከውጭ፣ መለዋወጫው ከውጭ ነው። የዋጋ ማስተካከያ ቀመሩን ዕድሜ ልካቸውን ዘለው ሲያነቡ የኖሩ ሰዎች በአንድ ሌሊት ሊቃውንት ሆኑ።

ፕሮጀክት ማናጀራችንን መጀመሪያ አልወደድኳቸውም። ምክንያቱም መርሐ ግብሬን አያዩልኝም። ባለ 900 መስመር ነበር። በኤ3 ወረቀት አትሜ፣ በሦስት ቀለም አቅልሜ፣ በፕላስተር አያይዤ ግድግዳውን ሞልቼዋለሁ። እሳቸው አጠገቡ ቆመው ስልክ ያወሩ ነበር፣ ጀርባቸውን ሰጥተውት። የእሳቸው መሣሪያ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት ይዘውት የሚሄዱት ዓይነት። ሰኞ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከመንገዱ ጫፍ ተነስተው 11ዱንም ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይሄዳሉ። አንድ ቀን ይዘውኝ ሄዱ። ያልጠበቅኩት ነገር "ለምን ዘገየ?" ብለው ማንንም አለመጠየቃቸው ነው። ሌላ ጥያቄ ነበራቸው።

"ይሄ ቱቦ የማን ነው?"

"የውሃ ነው ኢንጂነር።"

"የውሃ ማለት የማን?"

"የ… የቅርንጫፉ።"

"ቅርንጫፍ የዛፍ ነው። ሰውየው ማነው?"

አላውቅም ነበር። ደብተራቸውን ገልጠው አሳዩኝ። በግራ በኩል የነገሩ ስም፣ በቀኝ በኩል የአንድ ሰው ስምና ስልክ ቁጥር። የመሥሪያ ቤት ስም የለም። "መሥሪያ ቤት ስልክ አያነሳም" አሉኝ፣ "ስልክ የሚያነሳው ሰው ነው።" አንዳንዱ ገጽ ላይ በግራ ነገሩ ተጽፎ በቀኝ ባዶ ነው። እነዚያን ባዶዎች በቀይ እስክሪብቶ ከብበዋቸዋል። በዚያ ሳምንት የሚሠሩት እነሱን ብቻ ነው። ሌላው ሥራ፣ ባለቤት ያለው፣ ያለ እሳቸውም ይሄዳል።

ፖሉ ጋ ስንደርስ ቀና ብለው አዩት። ደብተራቸው ውስጥ ከፖሉ ትይዩ የተጻፈው የእኔ ስም ነበር። ደነገጥኩ።

ግን ቅዱስ አላደርጋቸውም። ወረቀት አይሆንላቸውም ነበር፣ ወረቀትም ተበቅሏቸዋል። የኛ ዓይነት ውል በፊዲክ፣ ማለትም ዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን ባዘጋጀው የውል ደንብ፣ ነው የሚሄደው። ፊዲክ ደግሞ ጊዜ ወይም ገንዘብ ይጨመርልኝ የሚል ተቋራጭ ምክንያቱን ባወቀ በ28 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። 29ኛው ቀን ላይ እውነት ቢኖርህም አይሰማህም። ሁለት ኪሎ ሜትር የሚሆን መሬት ሳይለቀቅልን ወራት አልፈውን ነበር፤ ጊዜ የማግኘት መብታችን ንጹሕ ነው። እሳቸው ደብተራቸው ላይ ከነቀኑ ጽፈውታል። እኔ ደግሞ ደብዳቤውን አርቅቄ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። እሳቸው እኔ የላክሁት መሰላቸው፣ እኔ እሳቸው የፈረሙት መሰለኝ። ደብዳቤው ከአንድ የሲሚንቶ ማስረከቢያ ሰነድ ሥር ሲገኝ 34ኛው ቀን ነበር። በሁለታችን ጠረጴዛ መሀል አራት ሜትር አይሞላም።

ለዚያ ወጣት መሐንዲስ "ሁለቱንም" ያልኩት ለዚህ ይመስለኛል። ፒኤምፒውም ፕሪማቬራውም ጥሩ ነው። የትኛው ሥራ ቢዘገይ ሌላውን እንደሚጎትት፣ የትኛው ደግሞ ትንሽ ትንፋሽ እንዳለው የሚያሳይ መርሐ ግብር የሌለው ሰው በጨለማ ነው የሚሄደው። ውል ማንበብ ደግሞ ከሁሉም የሚቀድም ነው፤ ሲጣሉ ሳይሆን ሲጀምሩ። አንድ ያልነገርኩት ነገር ግን አለ። ከአዲስ አበባ በየትኛውም አቅጣጫ፣ በሰበታም በሱሉልታም በለገጣፎም፣ ወጣ የሚል መሐንዲስ ኦሮምኛ ይማር። እኔ አልተማርኩም። ከገበሬዎች ጋር የነበሩኝን ስብሰባዎች ሁሉ በአስተርጓሚ ነው ያለፍኳቸው። ሰዎቹ አሥር ደቂቃ ይናገራሉ፣ አስተርጓሚው "አልተስማሙም" ይለኛል። ዘጠኝ ደቂቃ ከሃምሳ ዘጠኝ ሴኮንዱ የት እንደገባ አላውቅም።

አሁን ደግሞ የማፍርበትን ልንገራችሁ። የሩብ ዓመት ሪፖርት። ሥራው በዕቅዱ 58 በመቶ መድረስ ሲገባው 41 ላይ ነበር። ፎርማኑ "ሞተናል" ይላል። የሳይት መሐንዲሱ "በጣም ዘግይተናል" ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ወደ ላይ የላክሁት ዓረፍተ ነገር "አንዳንድ ተግዳሮቶች ቢኖሩም ሥራው በጥሩ ሁኔታ እየተከናወነ ይገኛል" ይላል። ማንም አላዘዘኝም። ማንም አልተቆጣኝም። በዚያ ሳምንት ጎብኚ ኃላፊዎች እንደሚመጡ ሰምቼ ነበር፣ በቃ። ከእኔ በላይ ያለው ሰው ደግሞ "አንዳንድ ተግዳሮቶች ቢኖሩም" የሚለውን ቆረጠው። ሪፖርቱ የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ እኛ ሳይት ላይ የሠርግ ቤት ነበርን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ነገር የሚሠራው መቃጠሉን ለባለ ቅጠሉ የሚነግረው ሰው ሲኖር ነው። ገንዘብ ሊጨምርልን ይችል የነበረው ሰው ጉዳዩን ያወቀው በሚቀጥለው ዓመት ነው።

ቤንት ፍሉቭብየር የሚባል የዴንማርክ ተመራማሪ ከመላው ዓለም ከ16,000 የሚበልጡ ፕሮጀክቶችን መረጃ ሰብስቧል። በተባለው ዋጋና በተባለው ጊዜ ያለቁት 8.5 በመቶ ናቸው። በዋጋ፣ በጊዜና በተጠበቀው ጥቅም ሦስቱንም ያሟሉት ደግሞ 0.5 በመቶ። ከ200 አንድ ማለት ነው። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳየው የቀሩት 199ኞቹ ሪፖርት ላይ ምን ይል እንደነበር ነው ያሰብኩት። ወደ ለቡ ብቅ ስል ደግሞ የባቡር ጣቢያውን አያለሁ። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር የተመረቀው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 ነው። መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በጃንዋሪ 2018። ሪባኑ ከተቆረጠበት እስከ ባቡሩ ሥራ አንድ ዓመት ከሦስት ወር። ሪባን መቁረጥ አንድ ሥራ ነው፣ ባቡር ማስነሳት ሌላ።

ወደ ፖሉ።

በስምንተኛው ወር ፎርማናችን ጋሼ ጣልቃ ገቡ። ዱከም ተወልደው ያደጉ፣ አፈር በእጃቸው ጨብጠው እርጥበቱን የሚነግሩ ሰው ናቸው። "የኔ ልጅ፣ እስቲ ደብዳቤሽን ይዘሽ ነይ" አሉኝ። ፒክአፑን አስነስተን የፖሎቹ ባለቤት ወደሆነው መሥሪያ ቤት ሄድን። ቢሮ አልገባንም። ግቢው ውስጥ ኮንቴይነር ጥላ ሥር ቡና የሚፈላበት ቦታ ነበር። የመስመር ሠራተኞቹ እዚያ ናቸው። ጋሼ ከሁለቱ ጋር በኦሮምኛ ተሳሳቁ፣ የአንዱን አጎት ያውቁታል መሰለኝ። እኔ ስኒ ተሰጠኝ። ሁለተኛው ቡና ላይ ነው ጉዳዩ የተነሳው።

"የዋጋ ግምቱን ከላክን ቆየን እኮ" አለ አንደኛው ልጅ።

ለማን? ለአሠሪው። አሠሪው አስተያየት እንዲሰጥበት ብሎ ለአማካሪው መርቶታል። አማካሪው ፋይል አድርጎታል። አሠሪው የፖል ማንሻውን ወጪ በኛ ውል ውስጥ የተያዘ መስሎታል። እኛ ውሉን ስናነበው የአሠሪው ነው። የዋጋ ግምቱ ደግሞ የሚያገለግለው ለ30 ቀን ነው። 30 ቀኑ ሁለት ጊዜ አልፎ፣ ሁለት ጊዜ በአዲስ ዋጋ ተሠርቶ ተልኳል። ጆሮ ዳባ ልበስ ያለን ሰው አልነበረም። ሁሉም መልሷል። መልሱ ብቻ ነው ወደ እኔ ያልመጣው።

"ደግሞ" አለ ልጁ፣ "ደብዳቤያችሁ ላይ 4+380 ትላላችሁ። እኛ እሱን አናውቅም። እኛ የምናውቀው የፖል ቁጥር ነው።"

"የፖል ቁጥር?"

"ፖሉ ላይ አለ እኮ። በቀለም።"

ስንመለስ ጉብታው ላይ ወጣሁ። በስምንት ወር ውስጥ የመጀመሪያዬ ነው። ከፍየሏ ራስ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ በቢጫ ቀለም፣ ቁጥሩ አለ። እሷ ሳታነበው አትቀርም።

ስድስተኛው ደብዳቤ ሁለት መስመር ነበር። የፖል ቁጥር፣ የከፋዩ ስም። አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዎች ክሬን ይዘው መጡ፣ መስመሩን አጠፉ፣ ፖሉን ነቅለው መንገድ ዳር ተከሉት። ከሻይ ሰዓት በፊት አልቋል።

ከዚያ ጉብታው ተጠረገ፣ የቀረው ጉድጓድ ተሞላ። ግራና ቀኙ ያለው ሰሌክት ግን ከወራት በፊት አልቆ ጠንክሯል። ትልቁ ሮሎ እዚያች ጠባብ ቦታ አይገባም። በእጅ መጠቅጠቂያ ነው የተሞላው፣ ክረምት ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው፣ በጀት ሊዘጋ ደግሞ ወር ሲቀረው። ላብራቶሪው አለፈ አለ። እኔም ክፍያ ሠራሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ከዚያ በኩል በሚኒባስ መጣሁ። አሁን ግራና ቀኙ ኮንዶሚኒየምና የብሎኬት ማምረቻ ነው። አራተኛውን ኪሎ ሜትር እንዳለፍን ሹፌሩ መሪውን ቀስ አድርጎ ወደ ግራ አጠፈ፣ መልሶ አቀና። ማንም ተሳፋሪ ቀና አላለም። ረዳቱን "ምን ሆነ?" አልኩት። "እዚህ ጋ ይሰምጣል" አለኝ። ወርጄ አየሁት። የጠረጴዛ ያህል ስፋት ያለው፣ ውሃ የያዘ፣ ክብ ማለት ይቻላል።

ሰኞ ደወልኩ። የመጀመሪያው ቦታ መንገዱ የእነሱ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ሁለተኛው ቦታ ስልኩ አይነሳም። ሦስተኛው ጋ አንድ ትሑት ልጅ አነሳ።

"የት አካባቢ ነው እትዬ?"

"4+380" አልኩት።

"እሱን አላውቀውም። የቦታው ልዩ ስም ማን ይባላል?"